ራኒ የቆመችበት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ትኬት በስቼ፣
ጡረታ በወጣሁ በወሩ ማይሶር ገባሁ መጥቼ፤
ደንብ ልብሴን መለስኩ፣ ፊሽካዬን መለስኩኝ፣
መብሻዋን ግን፣ ይቅር በሉኝ፣ ኪሴ ውስጥ ደበቅኩኝ።

ካርታ አጥፌ ይዤ፣ በቀይ ቀለም ከብቤ፣
አንድ እንዳያመልጠኝ በሰዓት መድቤ፦
ቤተ መንግሥት በአራት፣ ገበያው በስድስት፣
ከዚያ ካቴድራሉ፣ ማታ ደግሞ መብራት።

ከጣቢያው በራፍ ላይ ከኒም ዛፍ ሥር ቆሞ፣
ዛፋሩላ ጠራኝ ዋጋ አስቀድሞ፤
ጢሙ ሂና ጠጥቶ የዝገት መልክ ይዟል፣
የጋሪው መቀመጫ በላስቲክ ተጠግኗል።
«ስሟ ራኒ ነው» አለኝ፣ አንገቷን ቸብ አርጎ፤
ንግሥት መሆኗ ነው፣ ልጓሟ ሲባጎ።

ጫማዬን አስረክቤ ከሕዝቡ ጋር ፈሰስኩ፣
የነገሥታት ወለል በካልሲ ወለወልኩ፤
ጣሪያው ላይ ጣዎሶች በመስተዋት ሰፍረው፣
ከታች ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣
አንዷ ሎሚ ትልሳለች የወርቁ ኮርቻ ፊት፣
ዘበኛው ያዛጋል፣ ኮፍያውን አፉ ላይ ደፍቶበት።

ሥዕል ላይ መሳፍንት አፍጥጠው ሲያዩኝ፣
ያለ ትኬት የተሳፈሩ ሰዎች ትዝ አሉኝ፤
እንዲያ ነው አስተያየታቸው፦ ደረት ነፋ፣ ዓይን ደፈር፣
እጅ ግን ኪስ ውስጥ፣ የሌለ ነገር ሲበረብር።

ገበያው ውስጥ ጃስሚን በክንድ ይለካል፤
በሻጯ ክንድ እጥረት ሙግት ይነሳል፤
«እጅሽ አላደገም!» ትላለች ገዢዋ፣
«አንቺ ለክተሽ ውሰጂው፣ ግን እጥፍ ነው ዋጋዋ!»

ከዚያ ወጥተን፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለ፣
የራኒ አንገት ወደ ግራ አዘነበለ፤
ልጓም አልተሳበም፣ አለንጋ አልተነሳም፣
ማንም አላዘዛትም።
ገባች ጠባብ ሰፈር፣ ልብስ የተሰጣበት፣
አሮጊት ደጃፏ ላይ ምስር የምትለቅምበት፤
ከሞተር ብስክሌት መለዋወጫ ሱቅ ስትደርስ፣
ቀጥ።
ጆሮዋ ብቻ ወደ ኋላ መለስ።

«አመማት?» አልኩት። «ኧረ ደኅና ነች» አለ፣
ጢሙን እያከከ፣ እንደ ማፈር እያለ፤
«ሱቁ ትምህርት ቤት ነበር። ልጄን ሻሂስታን
ዘጠኝ ዓመት እዚህ ነው ያወረድናት፤
አሁን ማንጋሎር ነች፣ ነርስ ሆናለች፣ ወልዳለች፤
ይቺ ግን አልሰማችም። ሰው እስኪወርድ ትጠብቃለች።»
«አንተ ውረድላታ!»
«የኔን ክብደት ታውቀዋለች፤ አትታለልም ጌታ።»

ካርታዬን አየሁት፦ ሰፈሩ ስም የለው።
ሰዓቴን አየሁት፦ ካቴድራሉ ሊያልፈኝ ነው።
ስልሳ ዓመቴን ይዤ፣ ቦርሳዬን አንግቤ፣
ወረድኩ እንደ ተማሪ፣ ጉልበቴን ሰብስቤ።

ጋሪው ቀለል ሲላት ራኒ ተነፈሰች፣
አንዴ ጭራዋን ወዘወዘች፣
መሄድ ጀመረች፣ እኔን እዚያው ጥላ፤
እየሮጥኩ ደርሼ ተንጠለጠልኩ ከኋላ፣
ሠላሳ ዓመት ከባቡር ሳወርዳቸው እንደኖርኩት ልጆች፣
ያለ ትኬት፣ ጫፍ ላይ፣ በሁለት እጆች።

ካቴድራሉን በሩቁ አየነው፤ ሁለት ሹል ነገር።
(ውስጡ ያምራል ይላሉ።)

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቤተ መንግሥቱ በራ፣
አምፖሉ ስንት ሺህ እንደሆነ አንዱ ለሚስቱ ሲያወራ፣
ሕዝቡ «አ!» ሲል፣ ስልክ ሲነሳ በየተራ፣
ራኒ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አፏን ከረጢት ውስጥ ነክራ፣
ሳር ታኝካለች።

ባቡር ውስጥ ካርታዬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፣
ቀዩን ክብ አንድ በአንድ በጣቴ ነካሁ፣
ከዚያ መብሻዋን አወጣሁ፤
ስም በሌለው መንገድ፣ ከገበያው በግራ፣
ቀጭ።

ተቆጣጣሪው መጣ፤ ልጅ እግር ነው፣ ኮፍያው ሰፍቶታል።
«ትኬት» አለኝ።
ደንግጬ ካርታውን ሰጠሁት።
ወደ መብራቱ አንስቶ አገላብጦ አየው፣
«ተበስቷል» ብሎ መለሰልኝ።